አይሮፕላን መግዛትና አየር መንገድ ማቆም

(በጫግኒ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን አባላት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዛሬው ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ የርእሱ ምርጫ ለእኔ ስለ ተተወልኝ፣ ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክና አሠራር ለመናገር ወስኛለሁ። ከመካከላችሁ «ጫግኒ ተቀምጦ ስለ አየር መንገድ ምን አናገረው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በአይሮፕላን መሳፈር የሚፈልግ ሰው በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ እስከ ባሕር ዳር በመኪና መሄድ አለበት። እኛም በየዕለቱ የምንደክምበት ሥራ የውሃ ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮ፣ የጤና ጣቢያ ጄኔሬተርና የመንገድ ሥራ መኪና ነው።

እኔም ብሆን በሙያዬ የመካኒካል ምሕንድስና ምሩቅ ነኝ እንጂ በአየር መንገዱ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ስለዚህ ይዤላችሁ የመጣሁት የውስጥ ምሥጢር የለም። ብዙዎቻችሁ በከፊል የምታውቁትን ታሪክ በመሐንዲስ ዓይን መለስ ብዬ በመመልከት አንድ ጥያቄ ላነሣበት እወዳለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው። በአገራችን ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ አንድ ዕቃ ሲጎድልበት ቆሞ ይቀራል። ከመሣሪያ ሁሉ ይልቅ ውስብስብ የሆነው፣ ስሕተትንም ፈጽሞ የማይታገሠው አይሮፕላን ግን በኢትዮጵያውያን እጅ ሰማንያ ዓመት ያህል ሲበር ኖሯል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

እኛ የአገው ምድር ሰዎች መልሱን ከፈረስ ልንማረው እንችላለን። ፈረስ የገዛ ሁሉ ፈረሰኛ አይሆንም። ፈረሱን የሚቀልብ፣ ሰኮናውን የሚያይ፣ ኮርቻውን የሚጠግን፣ ልጁንም ገና በለጋነቱ ከፈረስ ጀርባ ላይ የሚያወጣ ቤተ ሰብ ከሌለ፣ የተገዛው ፈረስ ከጥቂት ዘመን በኋላ አይገኝም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ይህን ያህል ዘመን የኖረው፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ስለ ተላለፈ ነው። አይሮፕላን በመግዛትና አየር መንገድ በማቆም መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ካላልሁ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አመሠራረቱ

አይሮፕላን ወደ አገራችን የገባው ከአየር መንገዱ መቋቋም አስቀድሞ ነው። በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ አይሮፕላን ከጂቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አረፈ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የማብረርን ሙያ ተምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ይህ ጅምር በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ተቋረጠ። በዚያን ዘመን ጥቂት አይሮፕላኖች ነበሩ፤ ጥቂት አብራሪዎችም ነበሩ፤ አየር መንገድ ግን አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ፣ በየካቲት ወር 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሩዝቬልት ጋር በግብፅ በታላቁ መራራ ሐይቅ በመርከብ ላይ ተገናኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ድርድር ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር የሥራ ውል ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሕግ ተቋቋመ። የመቋቋሚያው ገንዘብ 2,500,000 ብር ሲሆን አክሲዮኑ በሙሉ የመንግሥት ነበር።

ሥራው የተጀመረው በአምስት ሲ-47 አይሮፕላኖች ነው። እነዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደርና ስንቅ ሲያመላልሱ የቆዩ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ ጭነቱም በመካከል ይደረደር ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። በአገር ውስጥም ወደ ጂማ የሚደረገው ጉዞ ተከተለ። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው ጎዳና የጥቂት ሰዓት ጉዞ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው እድገት ደረጃ በደረጃ ነበር። ኮንቬየር 240 የተባለው አይሮፕላን ተገዛ፤ በ1950 ዓ.ም. በዲ.ሲ. 6-ቢ አይሮፕላን እስከ ፍራንክፈርት ድረስ መብረር ተጀመረ፤ በ1953 ዓ.ም. ወደ አክራና ወደ ሞንሮቪያ በተከፈተው መሥመር ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካ በአየር ተገናኙ። ከዚያ በፊት ከአንዱ የአፍሪካ ጫፍ ወደ ሌላው ለመሄድ በአውሮፓ ዞሮ መምጣት የተለመደ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ የዚህ መሥመር ትርጉም ከንግድ የሚያልፍ ሆኖ እናገኘዋለን።

ማብቂያ ያለው ውል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ አስኪያጁም አብራሪዎቹም ዋና ዋናዎቹ መካኒኮችም አሜሪካውያን ነበሩ። በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሌላው የተለየ ነገር አልነበረውም። በዚያን ዘመን በብዙ አገሮች የአየር መንገድ የሚያካሂዱት የውጭ ሰዎች ነበሩና። የእኛን ልዩ ያደረገው፣ ድርጅቱ በመጨረሻ በኢትዮጵያውያን ብቻ እንዲካሄድ የሚል ዓላማ በውሉ ግንኙነት ውስጥ መኖሩ፣ ይህም ዓላማ በወረቀት ላይ ሳይቀር በደረጃ መፈጸሙ ነው።

አፈጻጸሙን በዓመታት እንከተለው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኛ አይሮፕላን በአዛዥነት ለማብረር የበቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የአይሮፕላን ጥገና ቴክኒሻኖች ትምህርት ቤት በአገር ውስጥ ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር የነበረው የሠላሳ ዓመት ግንኙነት ተፈጸመ።

ከዚህ ቅደም ተከተል ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ዋናው ወንበር በኢትዮጵያዊ የተያዘው የአብራሪው ወንበር ከተያዘ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ትምህርት ቤቶቹም ከተከፈቱ ወዲያ መሆኑ ነው። ሙያው ቀደመ፤ ሹመቱ ተከተለ። ሁለተኛው፣ ሠላሳ ዓመት መፍጀቱ ነው። ለሥልጠና ሁለት ሳምንት መድበን «የእውቀት ሽግግር ተፈጽሟል» ብለን ለምንፈርም ለእኛ፣ ይህ ቁጥር ሊያሳስበን ይገባል።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ የተፈተነው ደግሞ በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ነው። በደርግ ዘመን አገሪቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ወገን ብታዘነብልም፣ አየር መንገዱ ሠራተኞቹ የሚያውቁትን የአሜሪካ ሥራ አይሮፕላን መግዛቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካፒቴን መሐመድ አሕመድ የድርጅቱን አመራር ከያዙ በኋላ ሥራው በንግድ መርሕ እንዲካሄድ ተደረገ። አራት ዓመት ቆይቶ ዘመናዊው ቦይንግ 767 ገባ። መንግሥታት ሲለዋወጡ ድርጅቱ ሳይፈርስ ሊሻገር የቻለው፣ የማንም ወገን ሹም ቢመጣ ያን ሞተር ፈትቶ ሊገጥም የሚችለው የታወቀው ባለሙያ ብቻ ስለ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጭን አየር

የውጭ መሣሪያ ከአገራችን ጠባይ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሚያስተምረን ሌላው የአየር መንገዱ ታሪክ የከፍታ ጉዳይ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ክንፍ የሚያነሣው አየርን ተደግፎ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አይሮፕላኑ በምድር ላይ በ12 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። የሩጫው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ መነሣቱ ቀርቶ ለማቆም ቢፈለግ ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት ከሩብ በላይ ይጨምራል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ቀጭን አየር ስለ ሆነ ኃይሉ ይደክማል። እንግዲህ አይሮፕላኑ ብዙ መሮጥ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ጉልበቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

በ1955 ዓ.ም. ጄት አይሮፕላን ሲገባ የልደታው ሜዳ ስላልበቃ የቦሌው ማረፊያ ተሠራ፤ የተመረጠውም ከፍታና ሙቀት ላለበት ቦታ የተስማማው ቦይንግ 720-ቢ ነበር። ዛሬ በቦሌ ያለው መንደርደሪያ ርዝመቱ 3,800 ሜትር ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ ተፈጥሮ ድርሻዋን አትተውም። ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ ነዳጁን ሞልቶ ከአዲስ አበባ ለመነሣት ስለማይመቸው፣ ነፋሱም ስለሚቃወመው፣ በየጊዜው እንደ ሮም፣ እንደ ደብሊን፣ እንደ ሎሜ ባሉ ከተሞች ለነዳጅ ሲያርፍ ኖሯል። ሲመለስ ግን ከዋሺንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ይገባል። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሺንግተን አዲስ አበባ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ በመብረር ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አይሮፕላን እስከዚያ ያልደረሰበትን ርቀት አስመዘገበ። ይህም ጉዞ የተነሣው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ካላለ ሜዳ እንደ ነበረ ልብ በሉ።

ይህን የማነሣው ለእኛም የዕለት ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በእንጅባራ የሚተከል ጄኔሬተር በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ኃይል ሩብ ያህሉን እንደማይሰጥ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው፣ ሞተሩ ሲጨስና ሲግል «ዕቃው የውሸት ነው» ይላል። ዕቃው ሐሰት አልነገረንም፤ ቦታውን የነገረው ሰው አልነበረም። በአየር መንገዱ አንድም አይሮፕላን የመንደርደሪያው ርዝመት፣ ሙቀቱ፣ ነፋሱና ክብደቱ ሳይሰላ አይነሣም። እኛም ፓምፕ ሲገዛ ከፍታውንና የጉድጓዱን ጥልቀት በጽሑፍ ያልያዘ ማዘዣ እንዳይወጣ ማድረግ አያቅተንም።

የገበያ ቀንና የመገናኛ ጣቢያ

አየር መንገዱ የሚተዳደርበትን ዘዴ ለመረዳት የጫግኒን ገበያ ማሰብ ይበቃል። ከተማችን ደጋውና ቆላው የሚገናኙባት በመሆንዋ፣ የደጋው ሰው ገብሱን፣ የቆላው ሰው ሰሊጡን ይዞ በአንድ ቀን ይመጣል። ሁሉም በየመንደሩ እየዞረ ቢገበያይ ኖሮ ጉዞው ማለቂያ ባልነበረው ነበር።

አዲስ አበባም ለአየር መንገዱ እንዲህ ያለች የመገናኛ ጣቢያ ናት። ሃያ ከተሞችን እያንዳንዳቸውን እርስ በርሳቸው በቀጥታ ለማገናኘት 190 መሥመር ያስፈልጋል። ሁሉም ወደ አንድ ጣቢያ መጥተው ከዚያ ቢበተኑ ግን ሃያ መሥመር ይበቃል። ከሎሜ ወደ ጓንዡ፣ ከሐራሬ ወደ ሙምባይ የሚሄደው መንገደኛ ብቻውን አንድ አይሮፕላን አይሞላም፤ አዲስ አበባ ላይ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል ግን ይሞላል። አይሮፕላኖቹ በተቀራረበ ሰዓት እየገቡ፣ መንገደኛና ሻንጣ ተለዋውጠው፣ በተቀራረበ ሰዓት የሚወጡት ስለዚህ ነው። ከባድ ጭነት ይዘው ሩቅ የሚሄዱት ብዙዎቹ ሌሊት መነሣታቸውም ይጠቅማል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይወፍራልና።

በዚህ ዘዴ ድርጅቱ በታኅሣሥ ወር 2004 ዓ.ም. የስታር አልያንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያውን ኤርባስ ኤ350 ተረከበ። በ2016 የበጀት ዓመት ያጓጓዛቸው መንገደኞች ከ17 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ነገር ግን ይህ ሁሉ አደረጃጀት የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አይሮፕላኑ በተባለው ሰዓት ለመብረር የተዘጋጀ ሆኖ መገኘት አለበት። ይህን የሚያረጋግጠው የጥገናው ክፍል ነው።

መዝገብና ፊርማ

አይሮፕላን ሲበላሽ ብቻ የሚጠገን መሣሪያ አይደለም። በበረራና በበረራ መካከል ይታያል። በየጥቂት መቶ ሰዓት በረራ ይመረመራል። በየአንድ ዓመት ተኩል ወይም በየሁለት ዓመት ከሥራ ወጥቶ በሰፊው ይፈተሻል። በስድስትና በአሥር ዓመት መካከል ደግሞ ወንበሩና የውስጥ ልባሱ ሁሉ ተነሥቶ አጥንቱ እስኪታይ ይፈታል። የሚገጠም ዕቃ ሁሉ መለያ ቁጥር አለው፤ ከየት እንደ መጣ፣ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ መቼ መለወጥ እንዳለበት በመዝገብ ይታወቃል። ብሎን የሚጠብቀው በክንድ ግምት ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ነው። ሥራው ሲያልቅ መፍቻዎቹ ይቈጠራሉ፤ አንዱ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ አይሮፕላኑ አይለቀቅም። የአይሮፕላኑን መሪ የሚነካ ሥራ ደግሞ ሁለተኛ ባለሙያ በዓይኑ አይቶ ካልፈረመበት እንደ ተሠራ አይቈጠርም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቁ መሣሪያ ፊርማው ነው። የፈረመው ሰው ስሙን የሰጠው ለአለቃው ብቻ አይደለም፤ በዚያ አይሮፕላን ለሚሳፈር ለማያውቀው ሰው ጭምር ነው። የጥገናው ክፍል ከአሜሪካና ከአውሮፓ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣኖች የምስክር ወረቀት ያገኘው፣ የሌሎች አገሮችን አይሮፕላኖች ተቀብሎ ለመጠገንም የበቃው በዚህ ነው።

የዚህ ሙያ ዋጋ በግልጽ የታየው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ነው። የመንገደኛ ጉዞ በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ብዙ ታላላቅ አየር መንገዶች አይሮፕላኖቻቸውን አቁመው ከመንግሥታቸው ገንዘብ ጠየቁ። በአዲስ አበባ ግን የጥገናው ሠራተኞች ከብዙ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ውስጥ ወንበሮቹን እያነሡ ለጭነት አዘጋጁዋቸው፤ አይሮፕላኖቹም የሕክምና ዕቃ ወደ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ማመላለስ ጀመሩ። ወንበር ማንሣት ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወለሉ በአንድ ስኩዌር ሜትር የሚሸከመውን ክብደት፣ የጭነቱን ማሰሪያ፣ የሚዛኑን መካከል፣ የእሳት መከላከያውን ማስላትና ማስፈቀድ ይጠይቃል። ይህን ለማድረግ ከውጭ ባለሙያ መጠበቅ ግዴታ ቢሆን ኖሮ፣ ድንበር ሁሉ በተዘጋበት በዚያ ወራት ማንም አይመጣም ነበር። ከአምሳ ዓመት በፊት የተከፈተ የቴክኒሻኖች ትምህርት ቤት በዚያች ዓመት ድርጅቱን አዳነ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ስለ አደጋዎች

ስለ አየር መንገድ ተናግሮ ስለ አደጋ ዝም ማለት ለሙያችን የሚገባ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና።

ለእኛ ቅርብ በሆነችው በባሕር ዳር መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ለመሄድ የተነሣ ቦይንግ 737 ከምድር ሲለቅ ከእርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ሜዳው ለመመለስ ቢሞክሩም ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው አይሮፕላኑ በሆዱ ወድቆ ተቃጠለ። ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በዚህ ጉባኤ ውስጥ የከተማ ፕላንና የጽዳት ሥራ ኃላፊነት ያለባችሁ አላችሁ። የቆሻሻ መጣያ፣ የእህል ማከማቻ፣ የውሃ ማቆሪያ የት እንደሚሠራ ስትወስኑ፣ ወፍ የት እንደሚሰበሰብም እየወሰናችሁ ነው። የበረራ ደኅንነት ከአይሮፕላኑ ክንፍ ውጭም ሠራተኞች አሉት።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አይሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም የአይሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋ መቆጣጠሪያ፣ ከአንድ መለኪያ ብቻ የመጣን የተሳሳተ ቁጥር አምኖ ደጋግሞ ገፋ። አይሮፕላኑ ሁለት መለኪያ ነበረው፤ መቆጣጠሪያው ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። በአገራችን የፍርድ ወግ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ በሰው ነፍስ ላይ የሚፈርድ ዳኛ አይመሰገንም። በዓለም ታላቁ የአይሮፕላን ፋብሪካ ግን በብዙ ሺህ ሰው ነፍስ ላይ የሚፈርድ መሣሪያ እንዲህ አድርጎ ሠርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክስ አይሮፕላኖች በመላው ዓለም ቆሙ። መቆጣጠሪያው ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያስተያይ ሆኖ ታረመ፤ አየር መንገዱም በ2014 ዓ.ም. አይሮፕላኑን ወደ ሥራ መለሰ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የመጨረሻ ዘገባ ላይ የኢትዮጵያ መርማሪዎችና የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መለኪያው ስለ ተበላሸበት ምክንያትና ስለ አብራሪዎቹ አያያዝ የተለያየ አስተያየት እንደ ሰጡ የታወቀ ነው። በመቆጣጠሪያው ጥፋት ግን አልተለያዩም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ የአደጋ ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህን መርሕ ወደ ሥራ ቤታችን ብናስገባው ምን ያህል በጠቀመን! በእኛ ዘንድ ሞተር ሲቃጠል የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው ያቃጠለው?» የሚል ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው ዝም ይላል፤ ሞተሩም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ምክንያት ይቃጠላል።

ወደ ሥራችን ስንመለስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ ውስጥ ለብዙ ቤተ ሰብ ንጹሕ ውሃ ይሰጥ የነበረ ፓምፕ ቆሞ አየሁ። የጎደለው ከመዳፍ የማትበልጥ ዕቃ ነበረች። ስለ ዕቃዋ የሚናገረው መጽሐፍ ሩቅ በሆነ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቈልፎበታል። ሥልጠና የተሰጠው አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ሴቶችና ልጆች ወደ ወንዙ ተመልሰዋል። ፓምፑ ተገዝቶ ነበር፤ የውሃው ሥራ ግን አልቆመም ነበር።

«አየር መንገዱ ዶላር ያገኛል፤ እኛ በምን ገንዘብ?» የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነትነት አለው፤ መለዋወጫ ያለ ገንዘብ አይመጣም። ነገር ግን አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. የነበሩት አምስት አሮጌ የጭነት አይሮፕላኖች ነበሩ። ከእርሱ ልንወስዳቸው ከሚገቡን ነገሮች ውስጥ ሦስቱ ገንዘብ እምብዛም አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በእጃችን ላለ መሣሪያ ሁሉ አንድ ደብተር ይከፈትለት። መለያ ቁጥሩ፣ የተተከለበት ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የከፈተው ሰው ስምና ፊርማ ይጻፍበት። ደብተሩም ከመሣሪያው አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ወደ ቢሮ አይወሰድ።

ሁለተኛ፣ በምንፈርመው የግዢ ውል ሁሉ ውስጥ የማስረከቢያው አንቀጽ የምር ይሁን። የሻጩ ባለሙያ የሚሰናበተው የእኛ ሁለት ሰዎች መሣሪያውን በፊቱ ፈትተው ከገጠሙትና ካስነሡት በኋላ ይሁን። ያለዚያ የመጨረሻው ክፍያ አይከፈል።

ሦስተኛ፣ ማንኛችንም ብቻችንን የምናውቀው ሥራ አይኑር። እያንዳንዳችን ሙያ ከሚማሩት የከተማችን ወጣቶች ሁለት ሁለቱን አጠገባችን አድርገን እናሠራ። መዛወር፣ መታመም፣ መሞትም አለ። ባለሙያው በሄደ ጊዜ ሙያው አብሮት የሚሄድ ከሆነ ሙያው የግል ንብረቱ ነበረ እንጂ የአገር አልነበረም።

ክቡራን የሙያ ባልደረቦቼ፤

የዚህ ማኅበር አባል ስለ ሥራው ሲጠየቅ «ይህን ያህል ፓምፕ ተከልሁ፣ ይህን ያህል ወፍጮ አቆምሁ» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ከመጪው ዓመት ጉባኤያችን ጀምሮ ሌላ ጥያቄ እንዲጨመርበት ሐሳብ አቀርባለሁ። ይኸውም፣ «አንተ በሌለህበት ሊጠግኑት የሚችሉት እነማን ናቸው?» የሚል ነው። መልሱ በስም ይሁን፤ ስሞቹም በማኅበሩ መዝገብ ይጻፉ። ለዚህ ጥያቄ የሚጻፈው ስም በየዓመቱ እየበዛ ከሄደ ማኅበራችን ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።